ለጡንቻ የተቀመጠ ዘር፦ የዱሼን ሕክምና ገና ያልደረሰበት ቦታ

በጁን 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤሌቪዲስ የተባለ መድኃኒት ፈቀደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዱሼን ለሚባለው የልጆች የጡንቻ በሽታ የተፈቀደ የመጀመሪያው የጂን ሕክምና ነው። የሚሰጠው በደም ሥር፣ በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር። ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ሲደክም ለኖሩ ወላጆች ይህ ዜና ምን ማለት እንደነበር መገመት አያቅትም።

ተከትሎ የመጣው ግን ልብ የሚሰብር ነበር። ያው ዓመት ሳያልቅ ትልቁ ሙከራ ዋና ግቡን እንዳልመታ ተነገረ። በ2025 ደግሞ መድኃኒቱን የወሰዱ፣ መራመድ ያቆሙ ሁለት ታዳጊዎች ጉበታቸው በድንገት ሥራ አቁሞ ሕይወታቸው አለፈ። አቅርቦቱ ለጊዜው ቆመ። ኋላም ፈቃዱ ጠበበና ዕድሜያቸው 4 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ገና መራመድ ለሚችሉ ልጆች ብቻ ሆነ።

ስለ ጉበቱና ስለ ዋጋው ብዙ ተብሏል። ብዙም ያልተባለለት ሌላ ነገር አለ፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። መድኃኒቱ ሥራ ላይ ያለውን ጡንቻ ያገኘዋል። ጡንቻውን የሚሠራውን ህዋስ ግን አያገኘውም ማለት ይቻላል። ይህን ለመረዳት ጡንቻ ከምን ተነስቶ ጡንቻ እንደሚሆን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የጡንቻ ታሪክ የሚጀምረው ከፅንሱ ጀርባ ነው። ከተፀነሰ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ፣ ወደፊት አከርካሪ በሚሆነው መስመር ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ የህዋስ ክምችቶች መደርደር ይጀምራሉ። ሶማይት ይባላሉ። ከራስ በኩል ተነስተው ወደ ታች እየጨመሩ ሄደው ከ40 ጥንድ በላይ ይሆናሉ። የአከርካሪ አጥንትም፣ የጀርባ ቆዳ የውስጥ ክፍልም፣ ጡንቻም የሚወጣው ከነዚሁ ነው። እጅና እግር ገና ሲያቆጠቁጡ፣ ጡንቻ የሚሠሩት ህዋሳት ከሶማይቱ ተላቀው ወደዚያ ይጓዛሉ። ስለዚህ የምንሮጥበት ጭን መነሻው ከጀርባ ነው። እንደ ፊትና ማኘኪያ ያሉ አንዳንድ የራስ ጡንቻዎች ግን ከሌላ ቦታ ይነሳሉ።

እነዚህ መንገደኛ ህዋሳት የሚለዩት ፓክስ3 እና ፓክስ7 በሚባሉ ጂኖች ነው። ሁለቱ ጂኖች ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ህዋሱ ጡንቻ የመሆን ዕጣ አለው፤ ገና ጡንቻ ግን አልሆነም። ውሳኔው የሚመጣው በሌላ ጂን ነው። በ1987 በሲያትል በፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ሃሮልድ ዌይንትራውብና ባልደረቦቹ ማዮዲ የተባለውን ጂን አገኙ። ይህን አንድ ጂን ከጡንቻ ጋር ምንም ግንኙነት ወደሌለው ህዋስ ሲያስገቡት፣ ህዋሱ የጡንቻ ህዋስ ሆኖ አረፈው። ለዚያ ዘመን አስደንጋጭ ግኝት ነበር። የአንድ ህዋስ ማንነት በአንድ ጂን ሊገለበጥ ይችላል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ማዮዲ የነቃበት ህዋስ ማዮብላስት ይባላል። ከዚህ በኋላ ያለውን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ያሉ ማዮብላስቶች መጀመሪያ ተበታትነው ነው የሚታዩት። ቀጫጭን ናቸው፣ ጫፍና ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ። ምግባቸው እስከበዛ ድረስ ሥራቸው መባዛት ነው። ምግቡ ቀነስ ሲደረግ መባዛታቸውን ያቆማሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ይነካካሉ፤ በመጨረሻም ሽፋናቸው ተከፍቶ አንዱ ከሌላው ጋር ይዋሐዳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳህኑ በረጃጅም ቱቦዎች ይሞላል። በየቱቦው ውስጥ ኒውክለሶች፣ ማለትም ጂኖቹን የያዙት የህዋሳቱ እምብርቶች፣ እንደ መቁጠሪያ ተሰድረው ይታያሉ። አንዳንዱ ቱቦ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይኮማተራል። በዓለም ላብራቶሪዎች ውስጥ ይህን ለማጥናት በብዛት የሚያገለግለው ሲ2ሲ12 የተባለው የአይጥ ህዋስ መነሻው በ1977 እስራኤል ውስጥ በዋይዝማን ኢንስቲትዩት የተሠራ ሥራ ነው።

ውሕደቱን የሚያካሂደው ማን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ በኤሪክ ኦልሰን ላብራቶሪ ማዮሜከር የተባለ ፕሮቲን ተገኘ። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው የአይጥ ግልገሎች ማዮብላስቶቻቸው ስለማይዋሐዱ እንደተወለዱ ይሞታሉ። በ2017 ደግሞ አጋዡ ፕሮቲን ተገኘ። ሁለቱ ሲተባበሩ በተፈጥሮው የማይዋሐድን ህዋስ ጭምር ያዋሕዳሉ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ውሕደት መመለሻ የለውም። ቱቦው ሲበስል የጡንቻ ክር ይሆናል፤ አንድ ክር በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውክለሶች ይይዛል። ከነሱ አንዱም ከዚያ በኋላ አይባዛም። ክሩ በአክቲንና በማዮሲን ፕሮቲን ተሞልቶ መኮማተር ይችላል፤ ሌላ ክር መውለድ ግን አይችልም። ታዲያ ጡንቻ ሲቆስል ማን ይተካል?

መልሱ በ1961 ከእንቁራሪት እግር ተገኘ። ኒውዮርክ ውስጥ በሮክፌለር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ማውሮ የእንቁራሪት ጡንቻን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ በክሩ ሽፋንና በውጭኛው ልባስ መሐል ተሸጉጠው የተኙ ትንንሽ ህዋሳት አየ። ከኒውክለስ በቀር ውስጣቸው ብዙ ነገር የለም። ሥራ የፈቱ ነው የሚመስሉት። ማውሮ ግን ጡንቻ ከጉዳት በኋላ የሚያገግመው በነዚህ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ግምቱ ልክ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሳተላይት ሴል እንላቸዋለን፤ የጡንቻ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም ራሳቸውን እየተኩ አዲስ ጡንቻ የሚያወጡ መነሻ ህዋሳት ናቸው።

ገበሬ ለዘር ብሎ ለይቶ የሚያስቀምጠውን እህል አስቡ። ጎተራው ቢጎድልም አይነካም፤ እሱ ከተበላ የሚቀጥለው ዓመት የለም። ሳተላይት ሴልም እንደዚያ ነው። በአዋቂ ሰው ጡንቻ ውስጥ ካሉት ኒውክለሶች ከ2 እስከ 7 በመቶ የሚሆኑት ብቻ የነሱ ናቸው። ፓክስ7ን እንደያዙ ተኝተው ይኖራሉ። ጡንቻ ሲቀደድ ይነቃሉ። ማዮዲ የተባለውን ያንን ጂን ያነቃሉ፤ ይባዛሉ። አብዛኞቹ ተዋሕደው አዲስ ክር ይሆናሉ ወይም የተጎዳውን ይጠግናሉ። ጥቂቶቹ ግን ተመልሰው ይተኛሉ። የሥርዓቱ ምሥጢር ያለው በነዚህ ጥቂቶች ላይ ነው።

አቅማቸው ይገርማል። በ2005 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች 7 ያህል ሳተላይት ሴሎች ያሉበትን አንድ የአይጥ የጡንቻ ክር ወደ ሌላ አይጥ ጡንቻ አዛወሩ። ከ100 በላይ አዳዲስ ክሮች ወጡ። በተቃራኒው በ2011 የተለያዩ ቡድኖች ፓክስ7 ያላቸውን ህዋሳት ከአዋቂ አይጥ አጥፍተው ጡንቻውን አቆሰሉት። ጡንቻው አልተጠገነም። ሌላ የሚተካቸው ህዋስ እንደሌለ የታየው ያኔ ነው።

ጂም የምትሠሩ ሰዎች እዚህ ጋ ጥያቄ ይኖራችሁ ይሆናል። ብረት ስታነሱ በዋናነት የሚሆነው ያሉት ክሮች መወፈር ነው። ሳተላይት ሴሎች እየተዋሐዱ ኒውክለስ ይጨምሩላቸዋል። ሆኖም ሳተላይት ሴል በሌላቸው አይጦች ላይ እንደታየው፣ ጡንቻ ለአጭር ጊዜ ያለነሱም መወፈር ይችላል። ከቁስል መዳን ነው ያለነሱ የማይሆነው።

አሁን ወደ ዱሼን እንመለስ። በሽታው ከ5,000 ወንድ ልጆች አንዱን ገደማ ይይዛል። መንስኤው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ የአንድ ጂን ጉድለት ነው። ጂኑ ከ2 ሚሊዮን በላይ የዲኤንኤ ፊደል ያለው፣ ከሰው ጂኖች መካከል እጅግ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚሠራው ፕሮቲን ዲስትሮፊን ይባላል፤ በ1987 ቦስተን ውስጥ በሉዊስ ኩንከል ቡድን ነው የታወቀው። ዲስትሮፊን የክሩን የውስጥ ማገር ከሽፋኑና ከውጭው ልባስ ጋር አስሮ ይይዛል። እሱ ከሌለ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ክሩ ይሞታል።

ልጁን ስታዩት መጀመሪያ ጤነኛ ይመስላል። እንዲያውም ባቱ ደልደል ያለ ነው። ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው ግን ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ደረጃ ይከብደዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል። መሬት ከተቀመጠበት ሲነሳ ተመልከቱት። በደረቱ ዞር ይልና በአራት እግሩ ይሆናል። መቀመጫውን ወደ ላይ ያነሳል። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያስደገፈ በራሱ ገላ ላይ እየወጣ ይቆማል። ሐኪሞች ይህን አነሳስ ሲያዩ ወዲያው ይጠረጥራሉ። ሕክምና ያላገኘ ልጅ ብዙውን ጊዜ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው መራመድ ያቆማል። ቀጥሎ የመተንፈሻ ጡንቻውና ልቡ ይደክማሉ።

እስከ ሦስትና አራት ዓመቱ ደህና የመሰለው ለምንድን ነው? ሳተላይት ሴሎቹ እየተከላከሉለት ነው። ክር ይሞታል፣ እነሱ ይነቃሉ፣ አዲስ ክር ይሠራሉ። አዲሱም ያንኑ ጉድለት ይዞ ይወለዳልና ይሞታል። ዘሩ በየጊዜው ይዘራል፤ አዝመራው በየጊዜው ይጠፋል። ቀስ በቀስ የጥገናው ሥራ ከጥፋቱ ጋር መራመድ ያቅተዋል። ቦታውን ጠባሳና ስብ ይይዘዋል።

ይህ ብቻ አይደለም። በ2015 ኦታዋ ውስጥ የማይክል ሩድኒኪ ቡድን ዲስትሮፊን በራሱ በስቴም ሴሉም ውስጥ እንደሚገኝ አሳየ። ስቴም ሴሉ ሲነቃ እኩል ያልሆኑ ሁለት ልጆች መውለድ አለበት፤ አንዱ ወደ ሥራ የሚሄድ፣ ሌላው ለመጠባበቂያ የሚቀር። የትኛው ወገን የትኛው እንደሚሆን አቅጣጫ የሚያስይዘው ዲስትሮፊን ነው። እሱ ሲጠፋ አከፋፈሉ ይዛባል፤ ወደ ሥራ የሚሄዱት ያንሳሉ። ለእኔ ይህ ግኝት የበሽታውን መልክ ይቀይረዋል። ዱሼን የክር በሽታ ብቻ አይደለም። የዘሩም በሽታ ነው።

ኤሌቪዲስን አሁን በዚህ ዓይን እንየው። መድኃኒቱ በሽታ የማያመጣ ኤኤቪ የተባለ ቫይረስ ውስጥ የተጫነ ጂን ነው። ቫይረሱ የሚይዘው 4,700 ገደማ ፊደል ነው። ለዲስትሮፊን ሙሉ ትእዛዝ ደግሞ ከ11,000 በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጂኑን አሳጠሩት። ድፍረቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1990 ብሪታንያ ውስጥ ከጂኑ ትእዛዝ 46 በመቶው የጎደለው ሰው በ61 ዓመቱ እየተራመደ መገኘቱ ተዘግቦ ነበር። ሁሉም ክፍል አስፈላጊ እንዳልሆነ ያኔ ታወቀ።

ችግሩ ጡንቻ ብዙ መሆኑ ነው። በአዋቂ ሰው ከክብደታችን 40 በመቶ ገደማ እሱ ነው። ለዚያ ሁሉ እንዲዳረስ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 133 ትሪሊዮን የቫይረስ ቅንጣት ይሰጣል። ከዚህ ብዙው ጉበት ውስጥ ይገባል። የጉበቱ አደጋ የመጣው ከዚህ ነው።

ስቴም ሴሉስ? የተጫነው ጂን እንዲሠራ የተደረገው በበሰለ የአጥንት ጡንቻና በልብ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የቫይረሱ ዲኤንኤ ከክሮሞዞሙ ጋር አይጣመርም ማለት ይቻላል፤ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። በማይባዛ ክር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስቴም ሴል ውስጥ ጥቂት ቢገባ እንኳ ህዋሱ በተባዛ ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል። አሁን አንድ የ5 ዓመት ልጅ አስቡ። ጡንቻው ገና ብዙ እጥፍ ያድጋል። የሚያድገው ደግሞ ሳተላይት ሴሎች እየተዋሐዱበት ነው። የሚጨመሩት ኒውክለሶች ያልታከሙ ናቸው። የታከመው ቀስ እያለ በብዙ ያልታከመ ይዋጣል። መድኃኒቱን መድገምም አይቻልም፤ ሰውነት ቫይረሱን ለይቶ ያውቀዋልና ይዋጋዋል።

ይህን ስል ሕክምናው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ለአንድ ልጅ ሁለት ዓመት ተጨማሪ መራመድ ትልቅ ነገር ነው። የምለው፣ ዘላቂ መፍትሔ ከተፈለገ ልፋቱም ገንዘቡም ወደ ስቴም ሴሉ መዞር አለበት ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ አንዴ ተሞክሮ ወድቋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጤነኛ ዘመድ የተወሰዱ ማዮብላስቶች በላብራቶሪ ተባዝተው በታመሙ ልጆች ጡንቻ ላይ ተወጉ። በአይጥ ላይ ተስፋ የሰጠው ሥራ በልጆቹ ላይ አልሠራም። አብዛኞቹ ህዋሳት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቱ። የተረፉት መርፌው ካረፈበት ቦታ ብዙም አልራቁም። ዋናው ነገር ደግሞ በሳህን ላይ እየተባዙ ሳሉ የመጠባበቂያነት ጠባያቸውን ጥለው ነበር። ብዛት አላቸው፣ ዘርነት ግን የላቸውም።

ለምን እንደጣሉት በ2010 ስታንፎርድ ውስጥ የሄለን ብላው ቡድን አንድ ፍንጭ ሰጠ። ስቴም ሴሎችን እንደ ድንጋይ ጠንካራ በሆነው የፕላስቲክ ሳህን ላይ ሳይሆን የጡንቻን ልስላሴ በያዘ ጄል ላይ አሳደጓቸው። በጄሉ ላይ ያደጉት ወደ አይጥ ሲዛወሩ እንደ ስቴም ሴል ሠሩ። በፕላስቲኩ ላይ ያደጉት አልሠሩም። ህዋሱ የተኛበትን ነገር ጥንካሬ ይለካል ማለት ነው።

ሥጋን በላብራቶሪ የሚያሳድጉ ሰዎችም ተመሳሳይ ግድግዳ ገጥሟቸዋል። በ2013 የማስትሪክቱ ማርክ ፖስት ከላም የጡንቻ ስቴም ሴሎች የሠራውን በርገር ለንደን ላይ አቀረበ። ለአንዱ በርገር 20,000 ያህል ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ገቡበት። ወጪው 250,000 ዩሮ ነበር። ክሮቹ የተሠሩት ህዋሳቱ በሁለት ወገን ተይዘው እርስ በርስ ሲጓተቱ ነው። ያለ ውጥረት ጡንቻ አይገነባም። ዛሬም ቢሆን ስቴም ሴሉ ጠባዩን ሳያጣ በብዛት ማባዛት ሥራውን ውድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ተስፋ የሚሰጡ መንገዶች አሉ። አንዱ ክሪስፐር ነው፤ ተጨማሪ ጂን ከመጫን ይልቅ ያለውን ጂን በቦታው ማረም። በ2016 የሃርቫርዷ ኤሚ ዌጀርስ ቡድን በአይጥ ላይ ይህ እርማት ሳተላይት ሴሎችንም ሊነካ እንደሚችል አሳየ። ስቴም ሴሉ ውስጥ አንዴ የታረመ ጂን ህዋሱ ሲባዛ አብሮ ይባዛል፤ አይሳሳም። ሁለተኛው መንገድ ሺንያ ያማናካ በ2006 ከከፈተው በር የመጣ ነው። ተራ የሰውነት ህዋስን ወደ መነሻው መልሶ እንደገና ጡንቻ እንዲሆን መምራት ተችሏል። በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሚኒሶታ የሪታ ፐርሊንጌይሮ ቡድን ፓክስ7ን ተጠቅሞ ከእንዲህ ዓይነት ህዋስ የጡንቻ ዘር ህዋሳት ሠርቷል። መራመድ ባቆሙ የዱሼን ታማሚዎች ላይም ደኅንነታቸው መሞከር ጀምሯል። በዚህ መሐል በማርች 2024 አሜሪካ ውስጥ ጊቪኖስታት የተባለ የሚጠጣ መድኃኒት ተፈቅዷል። ጂኑን አያርምም። የጡንቻውን አካባቢ ከጠባሳና ከስብ ወደ ጥገና እንዲያደላ ነው የሚያግዘው።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላለ ወላጅ ሩቅ ነው፤ ሩቅ አይደለም ብዬ አልዋሽም። ቅርብ የሆነውን ግን ልናገር። ልጁ ከላይ እንደገለጽኩት የሚነሳ ከሆነ ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ ጠይቁ። ዱሼን ካለ ቁጥሩ ከመደበኛው በአሥር እጥፎች ይበልጣል። ሌላም ነገር አለ። የጉበት ምርመራ ውስጥ የሚታዩት ኤኤልቲና ኤኤስቲ ከተጎዳ ጡንቻም ስለሚወጡ፣ በዱሼን የተያዘ ልጅ የጉበት ታማሚ ተብሎ ሊንከራተት ይችላል። ሲኬ ቢለካ መንገዱ ያጥራል። በዓለም ላይ ለዓመታት የመጀመሪያ ሕክምና ሆኖ የቆየው ስቴሮይድ ነው። ከስቴሮይዶቹ አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን በአገራችን ፋርማሲዎችም ይገኛል፤ ዋጋውም ከነዚያ መድኃኒቶች ጋር አይወዳደርም። መራመድን ለተወሰኑ ዓመታት ያራዝማል። ነገር ግን ያለ ሐኪም አይጀመርም፤ ከተጀመረም በድንገት አይቋረጥም፤ ማቋረጡ ራሱ ሕይወት ያሰጋል።

እናቶችን በተመለከተም የምለው አለኝ። በሽታው በእናት በኩል ስለሚመጣ ጣት ወደነሱ ይቀሰራል፤ እርግማን የሚልም አይጠፋም። ከሦስት ልጆች አንዱ ገደማ ግን ጉድለቱን ከማንም አልወረሰም፤ በሱ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። የቀሩትም እናቶች ቢሆኑ ጂኑን መርጠው አልሰጡም። እናትየው ተሸካሚ ከሆነች ከሴት ልጆቿ እያንዳንዳቸው ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ዲስትሮፊን ልብ ውስጥም ስለሚሠራ ደግሞ ተሸካሚ ሴቶች ራሳቸው የልብ ድክመት ሊይዛቸው ይችላል። ልጁ ሲመረመር እናቱም የልብ አልትራሳውንድ ብትነሳ መልካም ነው።